ድንኳኑን እናሰጣለን፤ የልጆቻችንን ክፍልስ?

ውድ የዓለም ባንክ ሰፈር ነዋሪዎች፤

በዚህ ሰሌዳ ላይ ዘወትር የምናወጣው ስለ ዕድር መዋጮ፣ ስለ ቆሻሻ ማንሻ ቀን፣ ስለ መንገድ መብራትና ስለ ጎርፍ መውረጃ ቦይ ነው። ዛሬ ግን የምንጽፈው ስለ ሻጋታ ነው። ሻጋታ ደግሞ ምን ቁም ነገር ኖሮት የሚል ቢገኝ አንፈርድበትም፤ እኛም እስከ ዓምና ድረስ እንዲሁ እንል ነበርና።

ነገሩ የተጀመረው ከዕድራችን ድንኳን ነው። ዓምና ሐምሌ ላይ አንድ ጎረቤታችንን ቀብረን ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን ማታ ዝናቡ አላቋርጥ ስላለ ድንኳኑን እንዳለ፣ እርጥቡን አጥፈን ዕቃ ቤት ከተትነው። «ነገ ፀሐይ ሲወጣ እናሰጣዋለን» ተባለ። በነጋታው ፀሐይ አልወጣም፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ማንም አላስታወሰውም። ነሐሴ ላይ ሌላ ሐዘን ደርሶ በሩን ብንከፍተው ሽታው ፊታችንን መታን። ድንኳኑ በጥቁርና በአረንጓዴ ነጠብጣብ ተዥጎርጉሮ ነበር። ያን ዕለት ድንኳኑን ያራገፉት ጎረምሶች ሲያስነጥሱና ሲያስሉ አመሹ። የዕድሩ ዳኛ ተቆጡ፤ ዕቃ ጠባቂው ተወቀሱ፤ ጉባኤ ተጠራና ከእንግዲህ ድንኳን እርጥቡን እንዳይታጠፍ፣ ግድ ሆኖ ቢታጠፍም በሁለት ቀን ውስጥ ተዘርግቶ እንዲደርቅ ተወስኖ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። መልካም ውሳኔ ነው፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል።

ወሩ አልፎ መስከረም ጠባ። ልጆቻችንን አዲስ ደብተር አስይዘን በመጀመሪያው ቀን እስከ ክፍላቸው በር ሸኘናቸው። በሩ ሲከፈት አንዳችን ሌላችንን አየን። ያው ሽታ ነው። የድንኳኑ ሽታ! ይኸን ጊዜ ግን ጉባኤ የጠራ፣ የተቆጣም ሰው አልነበረም። ልጆቹ ገብተው ተቀመጡ፤ እኛም ወደ ሥራችን ሄድን።

ይኸ ነገር ከዚያ ወዲህ ሲከነክነን ስለ ከረመ ነው ዛሬ ብዕር ያነሣነው።

እንደሚታወቀው አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ከ1,000 ሚሊሜትር የሚበልጥ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዋነኞቹ ናቸው። ት/ቤቶቻችን የሚዘጉትም በእነዚሁ ወራት ነው። የአውሮፓ ልጆች ረጅሙን ዕረፍት የሚወጡት ፀሐይ ሲበረታ ነውና ክፍላቸው ባዶውን ቢከርም ደርቆ ይጠብቃቸዋል። የእኛዎቹ ግን የሚወጡት ሰማዩ ሲቀደድ ነው። በሩ ይቆለፋል፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ መጋረጃ ካለም ይጋረዳል። ጣሪያው የሚያፈሰውን ያፈሳል፣ ግድግዳው የሚመጠውን ይመጣል፤ ይኸን የሚያይ ሰው ግን የለም። ልጆቹ ዕረፍት ላይ ሲሆኑ ሻጋታው ትምህርት ላይ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ሻጋታ ለእኛ እንግዳ ፍጥረት አይደለም። ክረምት ላይ መሶቡን ስንከፍት እንጀራው ጫፍ ላይ አረንጓዴ ብጫቂ የመሰለ ነገር አግኝቶ «ሻገተ» ያላለ ቤት የለም። ሊጣችንን የሚያቦካው እርሾ የዚሁ የፈንገስ ወገን ነው፤ ከዝናብ በኋላ በየሜዳው ብቅ የሚለው እንጉዳይም እንዲሁ። ገበሬው «ዋግ መታው» የሚለው የስንዴ በሽታም ፈንገስ ነው። በ2002 እና በ2003 ዓ.ም. መጋጠሚያ ላይ ቢጫ ዋግ የአገራችንን የስንዴ ማሳ ክፉኛ ሲጎዳ፣ ከማሳ ወደ ማሳ የተሻገረው በነፋስ እየበረረ ነው። ይኸን ለማለት የፈለግነው፣ ፈንገስ በአየር ይሄዳል ሲባል የተማረ ሰው ተረት እንዳይመስልብን ነው። ገበሬው በእርሻው ላይ አይቶታል።

የሚበርረው ዘሩ ነው፤ ሊቃውንቱ ስፖር ይሉታል። ብዙው ስፖር ከ2 እስከ 10 ማይክሮን ያህል ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ደግሞ 1,000 ማይክሮን ነው። እንግዲህ በዓይን አይታይም። ከማነሱ የተነሣም በአፍንጫ ጠጕር ብቻ አይጣራም፤ ትንንሹ እስከ ሳንባ ይዘልቃል። በቤትና በክፍል አየር ውስጥ ደጋግመው የሚገኙት ክላዶስፖሪየም፣ አስፐርጊለስ፣ ፔኒሲሊየምና አልተርናሪያ የሚባሉት ዓይነቶች ናቸው። ዘሩ ውጭም አለ፣ ሜዳም ላይ አለ፤ ጨርሶ የሌለበት አየር አይገኝም። ችግሩ የሚመጣው የክፍሉ ግድግዳ ራሱ ማሳ ሲሆን ነው። እርጥብ ያገኘ ነገር፣ ችፑድ ይሁን ካርቶን ይሁን የጭቃ ልስን፣ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል። የዕድራችን ጉባኤ «በሁለት ቀን ውስጥ» ብሎ መወሰኑ ሳናውቀው ሳይንሱን ገጥሟል።

ስለ ተዘጋ ክፍል ካነሣን አይቀር አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ለንደን ውስጥ በሚሠራበት ላቦራቶሪ ባክቴሪያ ያበቀለባቸውን ሳሕኖች ጠረጴዛ ላይ ትቶ ለዕረፍት ሄደ። ነሐሴ 28 ቀን 1920 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1928 መሆኑ ነው፣ ተመልሶ ቢያይ አንዱ ሳሕን ሻግቷል። ከየት እንደ መጣ ያልታየ የፔኒሲሊየም ስፖር በአየር ገብቶ አርፎበት ኖሯል። እሱ ዕድለኛ ነበረና ሻጋታው ባክቴሪያውን ሲገድል አይቶ፣ ከዚያ ፔኒሲሊን የሚባለው መድኃኒት መጣ። እኛም ልክ እንደ እሱ ክፍል ዘግተን ለዕረፍት እንሄዳለን፤ ስንመለስም እናገኘዋለን። ከእኛ ክፍል ግን መድኃኒት አይወጣም።

እስቲ ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ውኃው ከየት ይመጣል? ካየናቸው ግቢዎች ብንነሣ ነገሩ ቀላል ነው። ቆርቆሮው ያረጀ ነው፤ የጣሪያው ሚስማር ጎማ አልቆ ውኃው በሚስማሩ ቀዳዳ ይገባል። ኮርኒሱ ችፑድ ነውና ያን ውኃ እንደ ስፖንጅ ጠጥቶ ይይዘዋል፤ መጀመሪያ ቢጫ ክብ ይሠራል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ይረግባል። አሸንዳው ወይ የለም፣ ወይ በቅጠል ተደፍኗል፤ ውኃው ከጣሪያው ጠርዝ ወርዶ መሬት ላይ እየተፈናጠረ የግድግዳውን ታች አንድ ክንድ ያህል ያርሰዋል። ቁም ሣጥኑና የመጻሕፍት መደርደሪያው ከግድግዳው ጋር ተለጥፈው ስለሚቆሙ ከጀርባቸው አየር አይዞርም። የተለጠፈውን አውጥቶ ጀርባውን ያየ ሰው እዚያ ምን እንዳለ ያውቃል። መስከረም ላይ ለልጆቻችን የሚታደሉት መጻሕፍት የሚሸቱት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ብዙ የግል ት/ቤቶች ለመኖሪያ ተብሎ የተሠራ ግቢ ተከራይተው እንደሚሠሩም ይታወቃል። ሳሎኑ ክፍል ሆኗል፣ መኝታ ቤቱ ክፍል ሆኗል፤ አንዳንዱ ጋራዡም ክፍል ነው። ለአምስት ሰው የታሰበ መስኮት ለሠላሳ ልጅ አየር ያቀርባል። ጣሪያው ሲያፈስ ት/ቤቱ «አከራዩ ያሠሩ» ይላል፤ አከራዩ «ተከራዩ ያሠሩ» ይላሉ። ውሉን ያነበበ ወላጅ የለም፤ የሚከፍለው ግን ወላጅ ነው። የመንግሥቶቹም ቢሆኑ ከዚህ ነጻ አይደሉም፤ የእነሱ ጣሪያ ባለቤቱ ብዙ ስለሆነ ደብዳቤው ከወረዳ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወረዳ ሲመላለስ ክረምቱ ያልፋል። የባንክ ስም ተሸክመን ለአሸንዳ የሚሆን ገንዘብ ማጣታችንም ያስቃል። ጎረቤታችን ያለው ሰፈር ስሙ አየር ጤና መሆኑን ስናስብማ ጉዳዩ ከእኛ ይልቅ ለእነሱ የሚገባ ይመስላል።

አሁን ደግሞ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ከሁለት ዓመት በፊት በነሐሴ ወር በክረምት በጎ ፈቃድ ሥራ ተሰባስበን አንድ ት/ቤት ቀለም ቀባን። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የእኛ እንጂ የት/ቤቱ አይደለም። ታቹን ዘይት ቀለም፣ ላዩን ነጩን። ጠቁሮ የነበረው ጥግ ሁሉ ተሸፍኖ ዓይን የሚስብ ሆነ፤ ተጨበጨበ፣ ፎቶግራፍ ተነሣ። ኅዳር ሳይገባ ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ያብጥ፣ ይላጥ ጀመር፤ ጥቁሩም ተመልሶ መጣ፤ እንዲያውም ሰፋ። ለካስ ግድግዳው ውስጡ እርጥብ ነበር፤ ዘይት ቀለሙ ደግሞ እርጥበቱ እንዳይወጣ በላዩ ዘጋበት። ሻጋታን ቀለም አይገድለውም። በቀለሙ ገንዘብ ሁለት ቅጠል ቆርቆሮና የአሸንዳ ቁራጭ ገዝተን ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ያኔውኑ ያበቃ ነበር። ነገር ግን አሸንዳ ፎቶግራፍ ላይ አያምርም።

ስለ ጤናው የምንናገረው በልክ ነው፤ ሐኪሞች አይደለንም። የመስከረም ሳል ሁሉ ከሻጋታ ነው አንልም። ጉንፋኑ አለ፣ የከሰሉ ጢስ አለ፣ የመንገዱም አቧራ አለ። ሆኖም የዓለም የጤና ድርጅት በ2001 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2009) ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ወይም የሚውሉ ሰዎች ለሳል፣ ለደረት ሲር ሲር ማለት፣ ለአስምና ለመተንፈሻ አካል ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን ገልጿል። አንዱ ልጅ ምንም ሳይሆን ሊውል ይችላል፤ ሌላው ያስነጥሳል፣ ዓይኑን ያሳክከዋል፤ አስም ያለበት ግን ደረቱ ይዘጋል። ከመካከላችን አንዲት እናት ልጃቸው ክረምቱን ሙሉ ደኅና ከርሞ ት/ቤት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት ሌሊት ትንፋሽ እያጠረው፣ ቁጭ ብለው እያቀፉት እንዳነጉ ነግረውናል። የእሱ ወንበር በዚያ በጠቆረው ጥግ ነበር። ይኸ ለብቻው ማስረጃ አይሆንም። ሆኖም ያችን እናት ማስረጃ አምጪ ብሎ የሚመልስ አንጀት የለንም።

«መጀመሪያ ይለካ፣ ይጠና» የሚሉን አሉ። ጥናት አንጠላም። ዘዴውም ከባድ አይደለም፦ ፈንገስ የሚመገበው እንደ ጄሊ የረጋ ነገር ያለበት ሳሕን ክፍሉ ውስጥ፣ ከወለልም ከግድግዳም አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ ለአንድ ሰዓት ክፍቱን ይቀመጣል። ከዚያ ተከድኖ ይቆያል፤ ያረፈው ስፖር ሲበቅል ነጥብ ነጥቡ ይቆጠራል። ጎንደር ከተማ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ት/ቤቶች በክፍል አየር ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ በሳሕን የመረመሩ ተመራማሪዎች ውጤታቸውን በ2011 ዓ.ም. አሳትመዋል። እዚህም ዩኒቨርሲቲ መጥቶ ቢለካልን ደስ ይለናል። ነገር ግን ያው የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ ለሻጋታ ከዚህ በላይ አይለፍ የሚል የቁጥር ወሰን አላስቀመጠም። ያለው እርጥበቱን አስወግዱ፣ እንዳይመጣም ተከላከሉ ነው። ጥቁሩ በዓይን ከታየ፣ ሽታውም ከሸተተ፣ ሳሕኑን መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል?

ከሁሉ የከበደው ግን የቁልፍ ነገር ሆኖ አገኘነው። ዘንድሮ ሰኔ መጨረሻ ላይ ወደ አንዳንድ ት/ቤቶች ሄደን፣ እባካችሁ በክረምቱ አልፎ አልፎ ክፍሎቹን ክፈቱ አልን። አንዱ ኃላፊ ሳቁብን፤ «ልጅ በሌለበት ለማን ነው መስኮት የሚከፈተው?» አሉ። ሌላው ግን ቁም ነገሩን ነገሩን፦ ዘበኛው የግቢውን በር እንጂ የክፍሎቹን ቁልፍ አልያዙም፤ ቁልፉ ያለው ንብረት ክፍል ነው፤ የንብረት ሠራተኛው ዕረፍት ወጥተዋል፤ አንድ ወንበር ቢጠፋ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ክፍሎቻችን ተዘግተው የሚሻግቱት በክፋት አይደለም፤ ወንበር እንዳይጠፋ ነው። ወንበሩ ሳይጠፋ መስኮቱ የሚከፈትበት መንገድ ግን አለ። እኛ በዚህ ሰፈር ሌሊት ተራ ጥበቃ ያደርን ሰዎች ነን፤ ለሁለት ሰዓት ቀን በቀን አንድ ግቢ መጠበቅ አያቅተንም። ቁልፉ በፊርማ ይውጣ፣ በፊርማ ይመለስ።

ሌላው የራሳችን አመል ነው። ነፋስ እንፈራለን። ታክሲ ውስጥ አንዱ መስኮት ከከፈተ ከኋላ «ዝጋው እባክህ፣ ብርድ ይመታኛል» የሚል አይጠፋም። መምህሩም ያው የእኛው ልጅ ነውና፣ ጧት ብርድ ነው ብሎ ይዘጋል፤ ሃምሳ ልጅ የሚያወጣው ትንፋሽ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ነክቶ ውኃ ይሆንና መልሶ ይንጠባጠባል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ት/ቤቶች ተዘግተው በ2013 ዓ.ም. ሲከፈቱ፣ መስኮት መክፈት ትእዛዝ ስለ ነበር ከፈትን። በብርድ ያለቀ ክፍል አልሰማንም። በሽታው ቀለል ሲል መስኮቱም አብሮ ተዘጋ።

ታዲያ ምን ይደረግ ለሚለው፣ የምናስበው ይኸን ነው። ቡሄ ካለፈ በኋላ ዝናቡ እየሳሳ፣ ፀሐይ ብልጭ ማለት ትጀምራለች። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ ት/ቤት እስኪከፈት በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከረፋድ እስከ እኩለ ቀን፣ ዝናብ በሌለበት ሰዓት በርና መስኮቱ ትይዩ ይከፈት። ዝናብ እየጣለ መክፈት ግን እርጥብ በእርጥብ መጨመር ነው፤ ያን ጊዜ ይዘጋ። መደርደሪያው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ። ቀለም ከመቀባቱ በፊት አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሚስማሩን ይይ፣ አሸንዳውን ይጥረግ፤ ከግድግዳው ሥር ውኃውን የሚያርቅ ቦይ ይቆፈር። ለቦዩ አካፋ እንጂ በጀት አያስፈልግም።

የሻገተውን ስናጸዳ በደረቅ መጥረጊያ መቧጨር አይገባም፤ ዘሩን መልሶ አየር ላይ መበተን ነውና፤ የሞተውም ቢሆን ያስነጥሳል። መጀመሪያ በሳሙና ውኃ ማራስ፣ ቀጥሎ በጨርቅ መፈተግ፣ በመጨረሻም በደንብ ማድረቅ ነው። በረኪና የሚጠቀም ሰው ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅል፤ መርዘኛ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ማስክ ያለው አፍንጫውን ይሸፍን። ውኃ ጠጥቶ የረገበ ችፑድ ግን አይጸዳም፤ ወርዶ ይጣላል። ይኸን ሥራ ለልጆች መስጠትም አይገባም። ሁላችንም ተማሪ ሳለን በጽዳት ተራ ክፍል ጠርገናል፤ አቧራው ጨለማ እስኪያደርገው። ለመደበኛው ጽዳትም ቢሆን ውኃ ረጨት አድርጎ መጥረግ ይሻላል።

በነካ እጃችን፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን የመንግሥት ት/ቤቶች ተማሪዎች እየተመገቡ መሆኑ ሁላችንንም ያስደሰተ ነገር ነው። እህሉና ዱቄቱ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤትም አብሮ ይታይ። በበቆሎና በለውዝ ላይ የሚበቅል አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ ይኸ ደግሞ በመቀቀል አይጠፋም። ጆንያው ከመሬትም ከግድግዳም ርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ።

የግል ት/ቤት ወላጆችን በተለይ የምንጠይቀው አለ። ነሐሴ ላይ ለምዝገባ ስትሄዱ ክፍያውን ከመክፈላችሁ በፊት «የልጄ ክፍል ይከፈትልኝና ልየው» በሉ። ገብታችሁ ኮርኒሱን ቀና ብላችሁ እዩ፣ ቁም ሣጥኑን ሳብ አድርጉ፣ አሽትቱ። ነውር የለውም፤ ሽንኩርት ስንገዛ እንኳ አንድ በአንድ እያገላበጥን ነው። አንድ ወላጅ ሲጠይቅ ክርክር ይሆናል፤ አርባ ወላጅ ሲጠይቅ ግን አከራዩና ተከራዩ ማን ያሠራው የሚለውን በአንድ ቀን ይጨርሱታል ብለን እናምናለን።

ለጊዜው ሁለት ት/ቤቶች ቁልፉን በፊርማ ሊሰጡን ተስማምተዋል። ሥራው ከቡሄ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ ከጧቱ 3 ሰዓት ይጀመራል። የተራ መዝገቡ ዕድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ከዕቃ ጠባቂው ዘንድ ነው፤ እስካሁን አሥራ አንድ ሰው ተመዝግቧል፤ ለሁለቱ ግቢ ቢያንስ ሃያ ያስፈልገናል። ቆርቆሮ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች በነጻ ሊሠሩልን ቃል ገብተዋል። ሚስማርና ጎማ በመዋጮ ተገዝቷል። የጎደለን ረጅም መሰላል ነው፤ የዕድሩ መሰላል አጭር ስለሆነ ጣሪያው ጋ አይደርስም። ያለው ሰው ለአንድ ቀን ቢያውሰን ለዕቃ ጠባቂው ይንገርልን።